«ዲግሪ ይዘሽ ወደ ሰርተፊኬት?»

ደብዳቤው፦

ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ሜሪላንድ የምኖር ነርስ ነኝ። ዲግሪዬን የያዝኩት አገር ቤት፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በዲቪ መጥቼ መጀመሪያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ሠራሁ፤ ከዚያ ወረቀቴን አስገምግሜ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን፣ አለፍኩ። ሆስፒታል ናይት መሥራት ከጀመርኩ 8 ዓመቴ ነው፣ 3ቱን ዓመት ቻርጅ ነርስ (የሺፍቱ ነርሶች አስተባባሪ) ሆኜ። በቅርቡ በነርሲንግ ሊደርሺፕ ግራጁዌት ሰርተፊኬት የሚሰጥ ፕሮግራም አይቼ ልቤ ከጀለ። ባለቤቴ ግን «ዲግሪ ይዘሽ ወደ ሰርተፊኬት? ከተማርሽ አይቀር ማስተርስ ተማሪ» አለኝ። የአገር ቤት ውጤቴ 2.8 ነው። ማመልከቻው ላይ ደግሞ «ስለ አመራር ልምድሽ ጻፊ» የሚል አለ፤ እኔ ማናጀር ሆኜ አላውቅም። ሠራሁ የምለው ቢኖር፣ ሺፍት ሲቀየር በሽተኞች እየወደቁ ስላስቸገረን ከሪፖርት (በሽተኛ ለተረካቢው ሺፍት ከማስረከብ) በፊት ሁሉም ሽንት ቤት እንዲሄዱ ማድረጋችን ነው። እሱም የሁላችንም ሥራ ነው። ማናጀሬ ከሰማችም ልትለቅ ነው እንዳትል እፈራለሁ። ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦

እህቴ፣ ሞክሪው። ናይት አድረሽ እያነበብሽ ከሆነ ይህን ይዘሽ ተኚ፤ ዝርዝሩን ስትነቂ ታነቢዋለሽ። እኔም ከሲኤንኤ ተነሥቼ ነው እዚህ የደረስኩት፣ ናይትም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የምጽፍልሽ ከጎንሽ ቆሜ ነው።

ባለቤትሽ ክፉ አስቦ አይደለም። አገር ቤት ቅደም ተከተሉን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሰርተፊኬት፣ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ፣ ማስተርስ። ሰርተፊኬት ከታች ነው። ወይም የ3 ቀን ስልጠና ሲያልቅ ተሰልፈን የምንቀበላት ወረቀት ናት። ቃሉን ሲሰማ ወደ ኋላ የምትሄጂ ቢመስለው አልፈርድበትም። እዚህ ግራጁዌት ሰርተፊኬት ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዲግሪ ያለው ሰው የሚማረው፣ ኮርሶቹም የማስተርስ ኮርሶች የሆኑ አጭር ፕሮግራም ነው። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ክሬዲት ነው፣ ማለትም ከ4 እስከ 6 ኮርስ። በጀት፣ የሰው ኃይል አያያዝ፣ የጥራት ማሻሻያ ሥራ፣ የጤና ፖሊሲ፣ እንዲህ ያለውን ነው የምትማሪው። አንድ አንድ ኮርስ እየወሰዱ፣ ሥራ ሳያቋርጡ፣ በአንድ ዓመት ወይም በዓመት ተኩል የሚጨርሱት ብዙ ናቸው። ኋላ ማስተርስ መቀጠል ስትፈልጊም ብዙ ቦታ ክሬዲቱ ይያዝልሻል። ስለዚህ ባለቤትሽን «የማስተርሱን መጀመሪያ ነው የምማረው፣ መቀጠል ካልቻልኩ ግን ባዶ እጄን አልወጣም» ልትዪው ትችያለሽ። ብቻ ትምህርት ቤቱን ሳትጠይቂ ቃል አትግቢለት። ስንት ክሬዲት እንደሚያዝ፣ በስንት ዓመት ውስጥ ከቀጠልሽ እንደሚያዝ በኢሜይል ጠይቂና መልሱን አስቀምጪው።

ሰርተፊኬቱ ብቻውን ማናጀር አያደርግሽም። ይህን ደብቄ ብመክርሽ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። አካባቢሽ ያሉ ሆስፒታሎች ያወጡትን የነርስ ማናጀር ማስታወቂያ 10 ያህል ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ብዙዎቹ ቢኤስኤን (በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ) ግዴታ ነው፣ ማስተርስ ቢኖር ይመረጣል ይላሉ። ማግኔት የሚባለውን የነርሲንግ ጥራት እውቅና የያዘ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ማናጀሮቹ በሙሉ ቢያንስ በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖራቸው ይጠበቃል። ዳይሬክተርና ከዚያ በላይ ሲሆን ማስተርስ መጠየቁ እየበዛ ይሄዳል። አንቺ ዲግሪው አለሽ። ፍሎር ላይ የሠራሽው 8 ዓመት አለሽ። የጎደለሽ ቢሮ ውስጥ የሚወራው ቋንቋ ነው፤ ለአንድ በሽተኛ በቀን ስንት የነርስ ሰዓት እንደሚመደብ፣ ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ሰው ሲጠየቅ «በጀት የለም» የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ። እነዚህ ኮርሶች የሚጠቅሙሽ እዚህ ላይ ነው።

የማመልከቻውን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት የፕሮግራሙን ስም በደንብ እዪ። አንዳንዱ ፖስት ማስተርስ ነው፤ ማስተርስ የሌለውን አይቀበልም። አንቺ የምትፈልጊው ፖስት ባካሎሪየት የሚለውን፣ ወይም ዲግሪ ይበቃል ብሎ የጻፈውን ነው። ርዕሱ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ከከፈለ በኋላ ነው የሚነቃው። ሰርተፊኬሽን የሚባለውም ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ በፈተና የሚገኝ የሙያ ማረጋገጫ ማለት ነው። ኤኤንሲሲ የተባለው የነርሶች ሰርተፊኬሽን ድርጅት ለነርስ ኤክስኪዩቲቮች፣ ኤኦኤንኤል የተባለው የነርስ መሪዎች ማኅበር ደግሞ ለነርስ ማናጀሮች ይሰጡታል። በመሪነት ሥራ ላይ ያሳለፍሽውን ሰዓት ስለሚጠይቁ ለኋላ ያዢያቸው። የሚያምታታሽ ሰው ካለ ግን እንድታውቂው ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከሁሉም ቀድመሽ ይህን ጀምሪ፣ ምክንያቱም ፍጥነቱ በአንቺ እጅ አይደለም። ለላይሰንስ ብለሽ በሲጂኤፍኤንኤስ ያስገመገምሽው ከሆነ (በ2025 ስሙን ወደ ትሩሜሪት ቀይሯል) ሪፖርቱ የሄደው ለነርሲንግ ቦርዱ ነው። ትምህርት ቤቱ የራሱን ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ደብሊው ኢ ኤስ የተባለው የውጭ ትምህርት ገምጋሚ ድርጅት ወይም መሰሉ ኮርስ በኮርስ የገመገመውን። ለዚያ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲሽ ሬጅስትራር በቀጥታ መላክ አለበት። አንቺ እጅ ያለው ስቱደንት ኮፒ አያገለግልም። ኮስት ሼሪንግሽን ያልጨረስሽ ከሆነ ሬጅስትራሩ ኦፊሻሉን አይለቅም፤ መጀመሪያ እሱን አጣሪ። የሚሄድልሽ ሰው ውክልና ሊጠየቅ ይችላል፣ እሱ ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን ይሠራልሻል።

ዘመድሽ አንዴ ሬጅስትራር በር ላይ ከቆመ አይቀር የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም አብሮ ያውጣልሽ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ዲግሪው ከውጭ አገር ስለሆነ ብቻ ቶፍል (የእንግሊዝኛ ፈተና) ይጠይቃል። በዚያ ደብዳቤና እዚህ በሠራሽባቸው ዓመታት ፈተናው እንዲቀርልሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

ስምሽንም አመሳክሪ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያንቺ፣ የአባትሽና የአያትሽ ስም አለ። እዚህ ላይሰንስሽ ላይ ምናልባት በአባትሽ ስም ብቻ ነው ያለሽው፣ ወይም በአያትሽ፣ ወይም በባልሽ፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍም አንዱ ጋ አንድ ዓይነት ሌላው ጋ ሌላ ነው። ማመልከቻው ላይ ሌላ የምትታወቂበት ስም ካለ ጻፊ የሚል ቦታ አለ። ሁሉንም እዚያ ደርድሪው። የአንዲት ጓደኛዬ ፋይል አንድ ሴሚስተር ሙሉ «አልተሟላም» ተብሎ ተቀምጧል። ወረቀቷ ግን ደርሶ ነበር፤ በሌላ ስም ተመዝግቦ።

2.8ቱ ያስጨነቀሽ ይመስለኛል፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ብቻውን ቆሟል። አዎ፣ ብዙ ፕሮግራም 3.0 ይላል። ግን በዚህ ብቻ በሩ አይዘጋም። አንዳንዱ በቅድመ ሁኔታ ይቀበልሻል፤ የመጀመሪያዎቹን ኮርሶች ቢ እና ከዚያ በላይ ካመጣሽ ትቀጥያለሽ። ሌላው መንገድ ነን ዲግሪ ተማሪ ሆነሽ፣ ማለትም ወደ ፕሮግራሙ ሳትገቢ፣ አንዷን ኮርስ ብቻ መውሰድ ነው። እዚሁ አገር፣ እዚያው ትምህርት ቤት ያገኘሽውን ኤ ይዘሽ ስታመለክቺ፣ ከዓመታት በፊት በአንድ ዶርም 6 ሆናችሁ መብራት እየጠፋባችሁ ያጠናሽው ውጤት ብቻውን አይናገርብሽም። አመልካቾችን የምታማክር ሴት ወይም ሰውዬ በየትምህርት ቤቱ አለ። ደውለሽ ጠይቂ፤ መደወል ውለታ መጠየቅ አይደለም፣ ሥራቸው ነው። ድርሰትሽ ላይ ግን ስለ ውጤትሽ ይቅርታ ስትጠይቂ ገጽ አትጨርሺ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፣ ባይኖርም ይሻላል።

እና አሁን ያስቆመሽ ቦታ።

«ማናጀር ሆኜ አላውቅም» ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር የመሪ ሥራ ነገርሽኝ። አስተውለሽዋል? ሺፍት መቀየሪያን በደንብ አውቀዋለሁ። ነርሶቹ ሁሉ ሪፖርት ላይ ናቸው። ሲኤንኤዎቹ ገሚሱ እየወጣ ገሚሱ እየገባ ነው። ጎህ ሲቀድ ላሲክስ (ሽንት የሚያሸና መድኃኒት) የወሰዱ አንድ አባት ሽንታቸው መጣ። ደወሉን ይጫናሉ፣ ቶሎ የሚመጣ የለም፤ ወይም ሰው ላለማስቸገር ብለው ጭራሽ አይጫኑትም። ሊወድቅ ለሚችል በሽተኛ የሚሰጠውን ቢጫ ካልሲ እንዳደረጉ እግራቸውን ከአልጋው ያወርዳሉ። ከዚያ ያ ድምፅ። አንዴ የሰማው ነርስ አይረሳውም። አንቺ ያንን ሰዓት ለይተሽ አየሽ። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚበዛ ገባሽ። በዚያ የድካም ሰዓት፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲጣደፍ፣ ሰው አሳምነሽ ተጨማሪ ዙር አስጀመርሽ። ማናጀር የሚባለው ሰው ደመወዝ የሚበላው ይህንኑ እንዲሠራ ነው።

«የሁላችንም ሥራ ነው» ያልሽው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እናቴ «ሰው ያመስግንሽ እንጂ ራስሽን አታመስግኚ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እውነቷን ነበር፣ ዛሬም ለልጆቼ የምነግራቸው ነው። ግን እኔ መጀመሪያ ሳመለክት አልተቀበሉኝም። ከዓመት በኋላ ድርሰቴን አውጥቼ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ፣ «እኛ» የሚለውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩት። ገጹ በቀይ ተሞላ። እኛ አሻሻልን፣ እኛ ተባበርን፣ ክፍላችን እንዲህ ሆነ። የሚያነበው ሰው እኔ የት እንደነበርኩ ከየት ያውቃል? ያ ኮሚቴ ጎረቤቴ አይደለም፣ አብሮኝ ሺፍት አልገባም፣ ስለ እኔ የሚነግረው ሌላ ሰው የለውም። የሠራሁትን በራሴ ስም አለመናገሬ ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ ለአንባቢው ግን ባዶ ቦታ ነው የሆነበት።

ስለዚህ «እኔ» ብለሽ ጻፊ። ውሸት አትጨምሪ፣ የሌላውን ሰው ድርሻም አትውሰጂ፤ ያንቺን ግን አትተዪው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አትጀምሪ። ስልክሽን አውጥተሽ ለእህትሽ እንደምታወሪ አድርገሽ ታሪኩን በአማርኛ ቅጂው። ምን አየሽ? መጀመሪያ ለማን ነገርሽ? ማን እምቢ አለ? የሰለቸችውን ሲኤንኤ ምን ብለሽ አሳመንሻት? ምን ተቀየረ? ከዚያ ያወራሽውን ቁጭ ብለሽ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። እንዲህ ያለ ነገር ይወጣዋል፦

«በክፍላችን ሰው የሚወድቀው በብዛት ሺፍት በሚቀየርበት ግማሽ ሰዓት መሆኑን አስተዋልኩ። ከሪፖርት 30 ደቂቃ በፊት እያንዳንዱ በሽተኛ ሽንት ቤት መሄድ ይፈልግ እንደሆነ እንዲጠየቅ ሐሳብ አቀረብኩ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጊዜ የለንም አሉ። ለመጀመሪያው ሳምንት ዙሩን እኔው አብሬያቸው ሄድኩ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ተመልከቻት። እንዲህ ያደረግሽ ከሆነ እሷን ጻፊያት፤ ሌላ ነገር ያደረግሽ ከሆነ እሱን ጻፊ። «ለአመራር ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ከሚል ገጽ ሙሉ ቃል ይልቅ አብራ ዙር የሄደች ቻርጅ ነርስ ታሳምናለች። ከዚያ የማታውቂውንም ጻፊ። ለዚያ ዙር አንድ ተጨማሪ ሲኤንኤ ብትጠይቂ እንዴት አድርገሽ በቁጥር እንደምታስረጂ አታውቂም፤ ለዚህ ነው የበጀትና የጥራት ኮርሶቹን የፈለግሽው። ፕሮግራሙን ለምን እንደመረጥሽ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፣ ምክንያቱም ከራስሽ ሥራ የወጣ ነው። የበሽተኛ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ ቀን እንዳይገባበት ብቻ ተጠንቀቂ። የበሽተኛን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ፣ ሂፓ፣ ድርሰት ላይም ይሠራል።

የድጋፍ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ይጠይቃሉ። ከኛ ሰው ጋር ስሆን ይህን ደግሜ የምናገረው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አባት፣ የቤተሰብ ወዳጅ የሆነ ዶክተር፣ የታወቀ ሰው አያስፈልግሽም። ሥራሽን በዓይኑ ያየ ሰው ነው የሚፈለገው። አንዷ ማናጀርሽ ብትሆን ጥሩ ነው፤ ሌላዋ ካንቺ ጋር ናይት የምትሠራ ሱፐርቫይዘር ወይም አስተማሪ። ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብለሽ ጠይቂ። ሲቪሽንና ያንን የሺፍት መቀየሪያ ታሪክ በግማሽ ገጽ አድርገሽ ስጫቸው፣ ከሥራ ብዛት የተነሣ ሰው ይረሳል። ሊንኩ በኢሜይል ስለሚላክ ስፓም ውስጥ ይገባል፤ ከሳምንት በኋላ ደርሷቸው እንደሆነ ጠይቂ።

ማናጀርሽን የምትፈሪበት ነገር ይገባኛል፣ ግን ከገንዘቡ የተነሣ እሷን ማለፍ አትችዪም። ሒሳቡን አብረን እናስላው። ለምሳሌ ክሬዲቱ 900 ዶላር የሆነ የ15 ክሬዲት ፕሮግራም 13,500 ዶላር ይመጣል። ቀጣሪ ለሠራተኛው ትምህርት ከሚከፍለው ውስጥ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ታክስ አይነካውም፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ጣሪያቸውን እዚያው ላይ ያደርጉታል። ያንቺ ስንት እንደሆነ ኤችአር ይነግርሻል። ዓመቱ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ስለሆነ በፎል (በመጸው ሴሚስተር) ጀምረሽ በሚቀጥለው ዓመት ብትጨርሺ የ2 ዓመት ድርሻ ታገኛለሽ፣ 10,500 ዶላር። ከኪስሽ የሚወጣው 3,000 ይሆናል። ከኪስሽ በከፈልሽው ላይ ላይፍታይም ለርኒንግ ክሬዲት የሚባለው 20 በመቶ፣ ማለትም 600 ዶላር ከታክስሽ ሊቀንስልሽ ይችላል፤ የባልና ሚስት ገቢ 160,000 ሲያልፍ ግን እየቀነሰ ሄዶ 180,000 ላይ ይቆማል፣ ኦቨርታይም የምትሠሩ ከሆነ ይህን አስቡበት። የመንግሥት የተማሪ ብድር ለሁሉም ሰርተፊኬት አይሰጥም፤ እኔ ብሆን ለዚህ ብድር ውስጥ አልገባም።

ሆስፒታሉ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከፍለሽ፣ ውጤት አምጥተሽ፣ ደረሰኝ ካስገባሽ በኋላ ነው። ኮርሱ ሳይጀመር ማስፈቀድ ሊኖርብሽ ይችላል፣ ቅጹ ላይ የምትፈርመውም ብዙ ቦታ ማናጀርሽ ናት። ከዚያ በኋላ የተወሰነ ጊዜ ሳትሠሪ ከለቀቅሽ ገንዘቡን መልሺ የሚል ውልም አለ። ይህን ውል ለማናጀርሽ ብትነግሪያት እንደማትለቂ ከምንም በላይ ያስረዳልሻል። ልትለቅ ነው ብላ የምታስበው ተደብቀሽ አመልክተሽ ከሌላ ሰው ስትሰማ ነው።

ናይት ጨርሰሽ ስትወጪ እሷ እየገባች ነው። ቡናዋን እስክታስቀምጥ ጠብቂና 10 ደቂቃ ለምኛት። «ቻርጅ ስሆን የበጀቱን ነገር ስለማላውቀው እቸገራለሁ፤ መማር እፈልጋለሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ?» በያት። በዚያው ሺፍት ሲቀየር ይወድቁ የነበሩት ሰዎች ቁጥር፣ ዙሩ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ስንት እንደነበረ፣ ለድርሰትሽ ልትጠቀሚበት ይፈቀድልሽ እንደሆነም ጠይቂያት። ቁጥሩ እሷ ኮምፒውተር ላይ አለ።